ንድፋችሁን ለማሽኑ አታስረክቡ፦ ስለ ወረቀት መቁረጫ ሶፍትዌር ለቀረበ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ለቤት ውስጥ የወረቀት መቁረጫ ማሽን የትኛው የንድፍ ሶፍትዌር እንደሚሻል የሚመክር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው እየተላለፈ እኔም ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊዋ በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። በዚህ ሙያ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ብዕር ማንሳታቸው ብቻውን ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ምክሩን ሰምቶ ገንዘቡን የሚያወጣውና ሥራውን በዚያ ላይ የሚገነባው አንባቢው ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚሰጠው ነጻ ሶፍትዌር ለማንም ይበቃል። ኢንክስኬፕን የመሰሉ ነጻ የንድፍ ፕሮግራሞች ለመሐንዲስ እንጂ ለእጅ ሥራ ሰው አይሆኑም። ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ውሎ አድሮ ያተርፋል። በአማርኛ መጻፍ ካስቸገረ በስልክ ጽፎ የስክሪኑን ፎቶ ማስገባት ይቻላል። ነገ ማሽን መቀየር ቢያስፈልግ ሥራን ይዞ መሄድ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት ግን በርካሽ ወረቀት ሞክሩ። በመጨረሻው እስማማለሁ። በቀሩት ላይ ግን፣ በአንዳንዱ በጥቂቱ በአንዳንዱ በብዙ፣ ክርክር አለኝ።

ማሽኑን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ክሪኬት፣ ሲሉዌት ካሚዮ፣ ብራዘር ስካንኤንከት የሚባሉት ማሽኖች በመጠን ከቤት ፕሪንተር ብዙም አይበልጡም፤ ልዩነታቸው በቀለም ፈንታ ስለት መያዛቸው ነው። ወረቀቱ የሚያጣብቅ ገጽ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የተለመደው ሰሌዳ 12 በ12 ኢንች፣ ማለትም በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለቱ ቀለምም ጥላም አያውቅም፤ የሚያውቀው መስመርን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፋይል እንደ ፎቶ በነጠብጣብ የተሠራ ሳይሆን የቅርጹን ጠርዝ በመስመር የሚገልጽ ነው። ከእነዚህ ፋይሎች ዋነኛው ኤስቪጂ ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀ፣ የየትኛውም ማሽን አምራች ንብረት ያልሆነ፣ በተራ የጽሑፍ መክፈቻ እንኳን ከፍቶ ማንበብ የሚቻል ደረጃ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ከማሽኑ ጋር የሚሰጠው ሶፍትዌር ይበቃል ስለሚለው። ለመቁረጥ ከሆነ እውነት ነው፤ አማራጭም ብዙ የለም። የክሪኬትን ማሽን እንዲቆርጥ ለማዘዝ ዲዛይን ስፔስ የሚባለውን የኩባንያውን ፕሮግራም መጠቀም ግድ ነው። እሱም ፊደል ይጽፋል፣ ቅርጾችን ያዋህዳል፣ በቅርጽ ዙሪያ ድንበር ያሰምራል። ለልደት ቀን አንድ ካርድ ሠርቶ ለሚያቆም ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም፤ ጸሐፊዋ እርሱን ብቻ አስበው ከሆነ ክርክር የለኝም። የሲሉዌት ማሽኖች ፕሮግራም የሆነው ሲሉዌት ስቱዲዮ ደግሞ በነጻው እትሙ ጭምር ለንድፍ ሥራ የተሻለ ነው፤ የመስመሩን ነጥቦች አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ያስችላል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዲዛይን ስፔስ በኮምፒውተር ላይ ሲሠሩበት ለአብዛኛው ሥራ ኢንተርኔት ይጠይቃል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተቀመጠ ሰው ይህ ልዩነት ምንም ላይመስለው ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ዓርብ ማታ መስመር ሲቋረጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው።

ጸሐፊዋ ያልነገሩን አንድ ነገር አለ፤ ሥራው ከተሠራ በኋላ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚወጣ። ዲዛይን ስፔስ ውስጥ የሠራችሁትን ንድፍ በኤስቪጂ አውጥታችሁ ለሌላ ፕሮግራም መስጠት አትችሉም። እንደ ዓሣ ወጥመድ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ንድፉ በዋናነት የሚኖረው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ፣ በእናንተ አካውንት ስር ነው። ሲሉዌት ስቱዲዮ ፋይሉን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥላችኋል፤ ግን እሱ ብቻ በሚያነበው በራሱ የፋይል ዓይነት ነው። ወደ ኤስቪጂ የመላክ መብት ያለው ከፍተኛውን፣ ለንግድ ተብሎ የተዘጋጀውን እትም የገዛ ነው። መግቢያውም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ጠባብ ነበር። ነጻው እትም ከሌላ ቦታ የመጣ ኤስቪጂ አይከፍትም ነበር፤ ለዚያ ዲዛይነር ኤዲሽን የሚባለውን መግዛት ያስፈልግ ነበር። በነጻ ይገባ የነበረው ዲኤክስኤፍ የተባለው የመሐንዲሶች ፋይል ሲሆን፣ እሱም ቀለሙን ጥሎ መስመሩን ብቻ ይዞ ይገባል።

እዚህ ላይ ማሽን ብትቀይሩ ሥራችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ የሚለው ምክር ይወድቃል። ለዓመታት የሠርግ ካርዱን ሁሉ በዲዛይን ስፔስ ሲነድፍ የኖረ ሰው ነገ ካሚዮ ቢገዛ ከባዶ ይጀምራል። ወረቀቱን፣ ስለቱን፣ ደንበኛውን ይዞ ይሄዳል፤ ንድፉን ግን አይወስድም።

ይህን ሰው ለማስፈራራት የፈጠርኩት አይደለም፤ በዚህ ሙያ ውስጥ በተደጋጋሚ የሆነ ነገር ነው። የክሪኬት የመጀመሪያ ማሽኖች ንድፋቸውን የሚያገኙት ከሚሰካ ካርትሪጅ ነበር፤ ሰዉ በገንዘቡ ካርትሪጅ እየገዛ መደርደሪያ ሞላ። ቀጥሎ ክራፍት ሩም የሚባል ሶፍትዌር መጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኩባንያው ክራፍት ሩምን ዘጋው። ክሪኬት ሚኒ የተባለችው ትንሿ ማሽን የምትሠራው በዚያ ሶፍትዌር ብቻ ስለነበረ ከዚያ ቀን በኋላ ከጠረጴዛ ጌጥነት አላለፈችም። ማሽኗ አልተሰበረችም፣ ስለቷም አልደነዘዘም፤ የሚያዛት ጠፋ እንጂ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሹር ከትስ አ ሎት እና ሜክ ዘ ከት የሚባሉ የሌላ ሰው ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ማንኛውንም ንድፍ ወደ ክሪኬት ማሽን ይልኩ ነበር። ያኔ ፕሮቮ ክራፍት ይባል የነበረው የክሪኬት አምራች በ2011 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፍርድ ቤት ከሰሳቸው፤ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ሁለቱም ክሪኬትን ማዘዝ አቆሙ። ሹር ከትስ አ ሎት ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሲሉዌትን ጨምሮ ብዙ ማሽኖችን ያዛል፣ ክሪኬትን ግን አይነካም።

ሦስተኛው ታሪክ የቅርብ ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ.፣ አክሲዮኑን ለገበያ ሊያቀርብ በተዘጋጀበት በዚያው ወር፣ ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍል ሰው ወደ ዲዛይን ስፔስ የሚያስገባው የራሱ ንድፍ በወር ከ20 እንዳይበልጥ ሊወስን መሆኑን አስታወቀ። ልብ በሉ፤ የሚገደበው የኩባንያው ምስል ሳይሆን ሰው በእጁ ሠርቶ የሚያስገባው ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥተው ማሽን የገዙ ሰዎች ጮኹ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አነሳ። ማንሳቱ ይመሰገናል። ነገር ግን ያነሳው ሰው ስለጮኸ እንጂ የሚያስገድደው ውል ስለነበረ አይደለም፤ ነገ ሰዉ ሳይጮህ ቢቀርስ?

ስለዚህ የእኔ ምክር ከጸሐፊዋ ምክር የተገለበጠ ነው። ንድፉን የማሽኑ አምራች ባልሠራው ፕሮግራም ሥሩ፣ በኤስቪጂ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይና በአንድ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ የማሽኑን ሶፍትዌር ለመጨረሻዋ ደረጃ፣ ለመቁረጥ ብቻ ተጠቀሙበት። ሶፍትዌሩ ቢዘጋ፣ ዋጋው ቢጨምር፣ ማሽኑ ቢቃጠል የሚጠፋው ማሽኑ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነውና። በአማርኛ መጻፍ ካስቸገረ በስልክ ጻፉት፣ የስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ሶፍትዌሩ ጠርዙን ተከትሎ መስመር ያወጣላችኋል ይላሉ። ይህ መንገድ አስፈላጊም አይደለም፣ ሥራም ያበላሻል።

አስፈላጊ ያልሆነው ፊደላችን ከኮምፒውተር ጋር ከተዋወቀ ብዙ ዘመን ስለሆነው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት የጋራ ደረጃ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቷል፤ ኢብሪማም በኋለኞቹ እትሞች ላይ ግዕዝ ይጽፋል። የአፕል ኮምፒውተር ከፋ የተባለ ፎንት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ይወርዳሉ፤ ፈቃዳቸውም ሠርታችሁ የምትሸጡትን ሥራ ይፈቅዳል። በኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነ ፎንት በዲዛይን ስፔስም፣ በሲሉዌት ስቱዲዮም፣ በኢንክስኬፕም ዝርዝር ውስጥ ይመጣል። ደግሞ በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን። ዓረብኛ ፊደሉ እንደ ቦታው ቅርጹን እየለወጠ የሚያያዝ በመሆኑ በእነዚህ የዕደ ጥበብ ሶፍትዌሮች ላይ ፊደሉ እየተበታተነ ጸሐፊዎቹን ሲያስለቅስ ኖሯል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም ይህ ጣጣ የለበትም። ጽፋችሁ ባዶ ሳጥን ብታዩ ሶፍትዌሩ አማርኛ አይችልም ማለት አይደለም፤ የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም ማለት ነው። ፎንቱን ቀይሩት፣ ይስተካከላል።

የሚያበላሸው ደግሞ እንዲህ ነው። የስክሪን ፎቶ ጠርዙ በትንንሽ ካሬ የተሠራ ደረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ተከትሎ መስመር ሲያወጣ በአንድ ፊደል ላይ አላስፈላጊ ነጥብ ይነሰነሳል፤ ስለቱ በየነጥቡ አቅጣጫ እየቀየረ ወረቀቱን ይቧጭረዋል፤ በተለይ ወፈር ያለ የካርድ ወረቀት ጠርዙ ጸጉር ያወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የቅጥያ ምልክቶቻችን ጉዳይ ነው። «ሊሊ» የሚል ስም በትንሽ መጠን ፎቶ ተነስቶ መስመር ሲወጣለት ያቺ የቀኝ እግር ላይ ያለች ትንሽ ጭረት እንደ ቆሻሻ ተቆጥራ ልትጠፋ ትችላለች፤ ካርዱም «ለለ» ብሎ ይወጣል። የላቲን ፊደል ትንሽ ጠርዙ ቢበላ ያው ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ትንሽ ጭረቱ ከጠፋች ሌላ ፊደል ነው። ስሟ የተሳሳተባት ሙሽራ ይቅር ስትል አይቼ አላውቅም።

ጸሐፊዋ በፎቶ ላይ ያጠፉትን ቦታ የግዕዝ ፊደል በስለት ሲቆረጥ ለሚያመጣው እውነተኛ ችግር ቢያውሉት ኖሮ ምንኛ በጠቀሙን። ያም ሦስት ነው።

አንደኛው ፊደሎቻችን አለመያያዛቸው ነው። በላቲን የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፎንት ስም ሲጻፍ ፊደላቱ ተደራርበው ይዋሃዱና አንድ ቁራጭ ሆነው ይወጣሉ፤ ኬክ ላይ ይሰካሉ። አማርኛ ግን አምስት ፊደል ከሆነ አምስት ቁራጭ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሥር አንድ ሰረዝ አስቀምጦ ፊደላቱን ከእሱ ጋር ማዋሃድ ነው። መፍትሔው ለ«ሰላም» ይሠራል፤ «ሊ» እና «ሌ» ባሉበት ስም ግን የእግራቸው ምልክት ያለው ልክ በዚያ በታችኛው መስመር ላይ ስለሆነ ሰረዙ ይውጠዋል፤ እንደገና «ለ» ሆነው ይነበባሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ስም የሚሻለው በጽሑፉ ዙሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ድንበር አውጥቶ፣ እሱን በሌላ ቀለም ወረቀት ቆርጦ፣ ፊደላቱን ከላይ መለጠፍ ነው። ምልክቱም አይጠፋ፣ ኬኩም ላይ ይቆማል፣ ከሩቅም ይነበባል። ዙሪያ ድንበር ማውጣት ሦስቱም ሶፍትዌሮች ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ውስጣቸው የተዘጋ ፊደላት ናቸው። ወረቀቱ ቀርቶ ፊደሉ ቀዳዳ ሆኖ የሚወጣበት ሥራ፣ ለምሳሌ ከበስተኋላው ወርቅማ ወረቀት የሚታይበት የእንቁጣጣሽ ካርድ ስንሠራ፣ የ«ዐ»፣ የ«ወ»፣ የ«መ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ፀ» ውስጣቸው የሚይዘው ስለሌለ ይወድቃል። «እንቁጣጣሽ» ውስጥ የሚያስቸግረው «ቁ» ብቻ ነው፤ «መልካም» ላይ «መ»ም «ም»ም ይወድቃሉ። ድልድይ ያስፈልጋል፤ ቀጭን አራት ማዕዘን ስሎ ከፊደሉ ላይ መቀነስ። የላቲን ፊደል ለዚህ ሥራ ድልድዩ አብሮት የተሳለ ፎንት ሞልቶታል፤ እኛ በእጃችን ነው የምንሠራው። ስለዚህ የመስመሩን ነጥብ እያንቀሳቀሱ ማረም የሚያስችል ፕሮግራም ለአማርኛ ቆራጭ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ያለፈው ዘመን ፋይል ነው። አዲስ አበባ ላይ ከማተሚያ ቤት የሚመጣ ጽሑፍ አንዳንዴ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ያ ፎንት የግዕዙን ቅርጽ ያስቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በመሆኑ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለላኪው ማለት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ፊደሉን ወደ መስመር ቀይሮ በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ ይላክላችሁ። ወደ መስመር የተቀየረ ፊደል ፎንት አይፈልግም፤ ቅርጽ ሆኗልና።

የፎንት ምርጫ ላይ አንዲት ነገር ልጨምርና ልለፍ። ኒያላ መልኩ ያማረ ነው፤ ቀጭኑ መስመር ግን ሲያንስ ይበጠሳል። በትንሽ መጠን ለሚቆረጥ ጽሑፍ ወጥ ውፍረት ያላቸው ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ይሻላሉ።

ወደ ኢንክስኬፕ ልሂድ፤ ለመሐንዲስ እንጂ ለእጅ ሥራ ሰው አይሆንም ስለተባለው። ገጹ ያስፈራል፤ ይህን አልክድም። ሲከፈት በሦስት ጎን መሣሪያ ተደርድሮበታል፣ ምናሌው ረጅም ነው፣ ለዓይንም አይማርክም። ነገር ግን ለወረቀት ቆራጭ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ትእዛዝ ነው። የገጹን መለኪያ ወደ ሚሊ ሜትር ማድረግ። ጽሑፍን ወደ መስመር መቀየር፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አብሮ በመጫን። የፊደላቱን ቡድን መበተን። ማዋሃድ፤ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት። መቀነስ፤ ኮንትሮልና የመቀነስ ምልክት። ድልድይ የሚሠራው በዚህ በመጨረሻው ነው። በመጨረሻ ተራ ኤስቪጂ የሚለውን መርጦ ማስቀመጥ። ይህን የሚማር ሰው መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ አንድ ከሰዓት በኋላና ትዕግሥት ይበቃዋል። ፕሮግራሙ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ የቆየ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል።

እንዲያውም የሲሉዌት ባለቤት ለሆነ ሰው ኢንክስኬፕ የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ። የሲሉዌት ማሽኖች የሚታዘዙት እናት ኩባንያቸው፣ የጃፓኑ ግራፍቴክ፣ ለመቁረጫዎቹ በሚጠቀምበት ቋንቋ ነው፤ ይህን ቋንቋ ያወቁ በጎ ፈቃደኞች ከኢንክስኬፕ በቀጥታ ወደ ካሚዮ የሚልክ ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርተዋል። በሲሉዌት ስቱዲዮ በኩል ማለፍ እንኳን ላያስፈልግ ይችላል። የሲሉዌት ስቱዲዮ ነጻ እትም ኤስቪጂ አልከፍትም ካላችሁም ከኢንክስኬፕ በዲኤክስኤፍ አስቀምጦ ማስገባት ይቻላል። የገበያው ርካሽ የቻይና ቪኒል መቁረጫዎች ደግሞ አብዛኞቹ ኤችፒጂኤል የተባለውን የቆየ የፕሎተር ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለእነሱም በር አለ። በሩ የተዘጋው ክሪኬት ላይ ነው።

ጸሐፊዋ በመሃል ባለሙያ መሆን የሚፈልግ አዶቤ ኢለስትሬተርን ይግዛ የሚል አንድ መስመር ጣል አድርገዋል። ኢለስትሬተር ግሩም ነው፤ በማተሚያ ቤት ለሚሠራና አስቀድሞ ለሚከፍልበት ሰው ሌላ አይፈልግ። ወረቀት ለመቁረጥ ብሎ ግን በየወሩ መክፈል ብክነት ነው። አፊኒቲ የተባለው የንድፍ ፕሮግራምም ኤስቪጂ ያወጣል፤ ካንቫ የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ በ2025 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍያ ቀርቧል፤ የኢንክስኬፕ ገጽ አልዋጥ ያለው ሰው እሱን ይሞክር።

ወርኃዊ ክፍያ ያተርፋል የሚለው ሒሳብ ደግሞ ከፋዩ የት እንደሚኖር ይረሳል። ክሪኬት አክሰስ የተባለው አባልነት በወር 10 ዶላር ገደማ ነው፤ ለዚያ ብዙ ምስልና ፎንት ይከፈታል። ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ሆና ለልጆቿ ትምህርት ቤት የሃሎዊንና የምስጋና ቀን ጌጥ የምትቆርጥ እናት ላይ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለአንድ ወር ከፍላ መሰረዝም ትችላለች። ነገር ግን አባልነቱ ሲቋረጥ በአባልነቱ ይገኙ የነበሩትን ምስሎች ለየብቻ ካልገዟቸው በስተቀር መቁረጥ አይቻልም፤ ትናንት የሠራችሁት ንድፍ ውስጥ ቢኖሩም። አገር ቤት ላለ ሰው መጀመሪያ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያው 10 ዶላር በብር ሲመነዘር ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ተከፍሎም የሚገኘው ፎንት በአብዛኛው የላቲን ነው። ለደመራ፣ ለጥምቀት፣ ለመልስ የሚሆነውን ንድፍ ያው ራሳችን ነን የምንሠራው። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚቀረው ይሻላል፤ የሲሉዌት ዲዛይነር ኤዲሽን እንዲህ ነው፣ ሹር ከትስ አ ሎትም እንዲሁ።

ጽሑፉ ብራዘርን በስም ጠርቶ አልፎታል፤ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የእኔን ምክር የማይፈልግ አንድ ዓይነት ሰው ቢኖር የስካንኤንከት ገዢ ነው። ማሽኑ በውስጡ ስካነር አለው። በእጁ የሚስል፣ የሐረግ ጌጥ በብዕር የሚያወጣ ሰው ሥዕሉን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ኮምፒውተር ሳያበራ፣ ጠርዙን አስለይቶ ሊቆርጠው ይችላል። ኤስቪጂም ይቀበላል። ዋናው ሥዕል ወረቀት ላይ ስላለ ንድፉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ አይነሳም። ፎቶ አንስቶ መስመር ስለማውጣት ያቀረብኩት ነቀፌታ በዚህ ላይ አይሠራም ወይ ለሚለኝ፤ በትልቅ የተሳለ ሐረግ ላይ ጠርዙ ትንሽ ቢዛነፍ የሚያስተውለው የለም፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ፊደል ላይ ግን ሁሉም ያስተውላል።

በርካሽ ወረቀት ሞክሩ የሚለው ምክር ላይ እንስማማለን፤ ምን ተብሎ እንደሚሞከር ግን አልተነገረም። «ሰላም» ብሎ ጽፎ መቁረጥ ሙከራ አይባልም። «ሊ»፣ «ቁ» እና «መ» ያሉበትን ቃል፣ ልትሠሩበት ባሰባችሁት በትንሹ መጠን ቁረጡ፤ ጭረቷ ትተርፍ እንደሆነ፣ ድልድዩ ይይዝ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ከአጠገቡ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሳሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ኢንችን በ96 ነጥብ ሲከፍል አንዳንዱ በ72 ይከፍላል፤ ስለዚህ 10 ያላችሁት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር 13 ሴንቲ ሜትር ከሩብ በላይ፣ ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ፖስታው ውስጥ የማይገባ ካርድ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ካሬው በማስመሪያ ተለክቶ 10 ካልሞላ ወይም ካለፈ ስለቱንና ግፊቱን አትነካኩ፤ ስሕተቱ ፋይሉ ውስጥ ነው።